የበሰለ ፍሬ ይዞ መግባት ክልክል ነው

በመስታወት ቤቱ በር ላይ ዝገት የበላት አንዲት ቆርቆሮ ተቸንክራለች። በቀይ ቀለም፣ በተንጋደደ የእጅ ጽሑፍ፣ «የበሰለ ፍሬ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ትላለች። የጻፈው የጠብታ አባት ነው። ጠብታ ይህችን ቆርቆሮ እያየች አድጋ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቷት፣ እሷም በተራዋ አጠጪ ሆና እዚያው ተቀጥራ፣ ለምን ብላ የጠየቀችው በልጅነቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ጉንዳን ይጠራል» አላት አባቷ። አለቀ፣ ደቀቀ።

ጠብታ ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም። ስትወለድ ከማነሷ የተነሳ አዋላጇ «ይህቺማ ጠብታ ናት እንጂ ልጅ አይደለችም» ብላ ቀለደች፤ ቀልዱ ተጣብቆ ቀረ። ቁመቷ ኋላ ተስተካከለ። ምላሷ ግን ከሁሉ ቀድሞ ነው ያደገው። አትክልት በምላስ ማጠጣት ቢቻል ኖሮ ቧንቧ ባላስፈለጋት።

የመስታወት ቤቱ ያለው ከአንድ የዕፅዋት ምርምር ተቋም ጓሮ ነው። ገና በሩ ሲከፈት ሙቀቱ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ፊት ላይ ይጠመጠማል። ነዋሪዎቹ የአናናስ ወገኖች ናቸው። ሰው አናናስን የሚያውቀው ተልጦ ሳህን ላይ ሲቀርብ ነው፤ ዘመዶቹ ስንት እንደሆኑ ቢነግሩት አያምንም። ግንድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አፈር ሳይነካ ኖሮ የሚሞት አለ። ሥሩን ለመያዣ ብቻ የሚጠቀም፣ ውሃውን በቅጠሉ ላይ ካሉት እንደ ብናኝ ከደቀቁ ቅርፊቶች የሚመጥ አለ። እሾሃም አለ፣ ለስላሳ አለ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሽበታም አለ።

መሃል ላይ፣ በድንጋይ መቆሚያ፣ እሜቴ ትቀመጣለች።

እሜቴ ማለት የአባቷ አጠራር ነው። ቅጠሎቿ የሰው ክንድ ያህላሉ። ከሥራቸው ጥብቅ ብለው ስለተደራረቡ መሃላቸው ጽዋ ሠርቷል፤ ጽዋው ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ አለ፤ ውሃው ውስጥ ደግሞ አንዲት አውራ ጣት የምታህል እንቁራሪት አለች፣ የቤት ኪራይ የማትከፍል። የጠብታ እናት እዚሁ ቤት አጠጪ ነበረች። ጠብታን እርጉዝ ሳለች ነው ይህችን ቡቃያ ከአሮጌ ጉቶ ሥር ነቅላ የተከለቻት። ልጅቱ ዳዴ ሳትል እናትየው በሳንባ በሽታ ሞተች። ስለዚህ እሜቴና ጠብታ እኩያ ናቸው፤ የአንድ ሴት እጅ ሥራ።

አባትየው በየሳምንቱ እያንዳንዱን ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል። ሲወለውል አይናገርም። የሚጎበኝ ሰው መጥቶ «ይቺ ተክል ለምን እስከ ዛሬ አላበበችም?» ካለው አንድ መልስ አለው።

«አልፈለገችም።»

* * *

ልጁን ያገኘችው ራሱ ላይ ውሃ ደፍታ ነው።

ከመደርደሪያው ሥር ተንበርክኮ፣ ማጉያ መነጽር ይዞ፣ ቅጠል ላይ ዓይኑን ተክሎ ነበር። እሷ ከላይ ቧንቧዋን እያወዛወዘች ታጠጣለች።

«ወይኔ!» አለ፣ ዘሎ ጭንቅላቱን ከመደርደሪያው ጋር አጋጨ።

«ውይ፣ አንተ ደግሞ ከየት በቀልክ?»

«ዛሬ ጠዋት ነው የበቀልኩት።» ውሃው ከአፍንጫው ይንጠባጠባል። «አዲሱ ተመራማሪ ነኝ። የእነዚህን ዝምድና ላጠና የመጣሁ።»

ጠብታ ጸጉሩን አየችው። ውሃ ፈሶበት እንኳ ወደ ላይ እንደቆመ ነው።

«እንዳትቀየመኝ፤ ጫፍህን ሳይ ከአናናሶቹ አንዱ መስለኸኝ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ አናናሱ ሆነ። ፊት ለፊቱም፣ ከጀርባውም።

አናናሱ ጥሩ ሰው ይመስል ነበር፤ ደግሞም ነበር፤ ክፋቱ ኋላ የሚመጣው ነገር ይህንን አለማጥፋቱ ነው። ሲያስረዳ ዓይኑ ይበራል። መስታወቱ ሁልጊዜ በእንፋሎት ያላበ ስለሆነ፣ የዘር ሐረጉን በጣቱ እዚያ ላይ ይስልላታል። ጠብታ ቧንቧዋን ዘግታ፣ ባልዲ ገልብጣ ትቀመጣለች።

«ይሄ ግንዱ ነው። እዚህ ጋ ተለያዩ። ይሄ ቅርንጫፍ አናናስን ይዟል፣ ይሄኛው ደግሞ ዛፍ ላይ የሚኖሩትን። ይቺ አክስቱ፣ እነዚህ የአክስቱ ልጆች…»

«የሠርግ ጥሪ አስመሰልከው እኮ! እሜቴን የት ልታስቀምጣት ነው?»

ጣቱ አየር ላይ ቆመ።

«ጉዱ እሱ ነው። አለቃዬ ፕሮፌሰሯ ውሃ የሚቋጥሩት ሁሉ አንድ ቤተሰብ ናቸው ባይ ናቸው። እሜቴ ጽዋ አላት፣ ስለዚህ ከዛፍ ወጪዎቹ ናት ይላሉ። እኔ ግን ከቅጠሏ ዘረ መሏን አይቻለሁ። ወደ አናናስ ነው የሚጎትታት፤ በእሱ ቅርንጫፍ ደግሞ ቅርቦቿ ሁሉ መሬት ላይ የሚኖሩ፣ አንድም ጽዋ የሌላቸው ናቸው።»

«ታዲያ ጽዋውን ከጎረቤት ተዋሰችው?»

«ራሷ ሠራችው!» ሳቀ። «መልክ ይዋሻል፣ ጠብታ። ሁለት ተክሎች ዘመድ ላይሆኑ ይችላሉ። አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ፣ ተያይተው አያውቁም። ግን ሁለቱም ሥራቸው የሚጠጣው ካጣ፣ በየፊናቸው፣ በሚሊዮን ዓመት ትንሽ በትንሽ ቅጠላቸውን እያቆለፉ ጽዋ ይሠራሉ። ያየ ሰው ወንድምና እህት ናቸው ይላል። አይደሉም።»

«ማን አስተማራቸው?»

«ጥማት።»

 የሳለው ሐረግ ከታች ጀምሮ እየቀለጠ፣ ጠብ ጠብ እያለ ወረደ።

«እኔም እናቴን አላውቃትም» አለ አናናሱ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ጠብታ የምትለው አጣች። እሷ! ምላሷን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ውስጥ ፈልጋ አጣችው። ተነሥታ መስታወቱን በክንዷ ጠረገችለት፣ እንደ አዲስ እንዲስል።

* * *

አናናሱ ምሳ የሚባለውን ነገር የሚያውቀው በወሬ ነበር። ሁሉም ወደ መመገቢያ አዳራሽ ሲሄድ እሱ ውሃ ጠጥቶ ይመለሳል። ጠብታ ይህን ለማወቅ ሁለት ቀን አልፈጀባትም፤ ሆዱ ሲጮህ እንቁራሪቷ ትመልስለት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከቤት አንድ ፖም በሽርጧ ኪስ ደብቃ መጣች። ደማቅ ቀይ፣ አልፎበት ሊበሰብስ ምንም ያልቀረው፣ ሽታው ቀድሞ የሚገባ።

«ማስታወቂያውን አላየሽም?» አላት።

«ጉንዳን እንዳይመጣ ነው። ቶሎ ብላውና ጉንዳኑን አሳፍረው።»

በላው። ሥጋውን፣ ልቡን፣ ፍሬውን ሳይቀር። የተረፈችው ግንጫፏ፣ ከዛፉ የምትንጠለጠልበት ቀጭን ዘንግ፣ ብቻ ነበረች፤ እሷንም እንደ ቀለበት ጣቷ ላይ ሊጠመጥምላት ሞክሮ ተሰበረች። ተሳሳቁ። አባትየው ከወዲያ ማዶ ቅጠል እየወለወለ ነበር፤ ጀርባውን ስለሰጠ ፖሙን አላየም።

እንዲህ ሆነና የየቀኑ ፖም ልማድ ሆነ። ፍቅርም እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ነው ሲሉት አንገት ላይ ደርሷል። ፖሙን ስትሰጠው ጣታቸው ይነካካል፤ መጀመሪያ በስህተት፣ ኋላ ስህተቱን እያረዘሙት። አንድ ቀን ከተንጠለጠሉት ሽበታም ተክሎች ጀርባ ሳማት። የሁለቱም ከንፈር ፖም ፖም ይል ነበር።

ስለ እናቷ የነገረችውም ያን ቀን ነው። እሜቴ የማን እጅ እንደሆነች። አባቷ ሞት የሚለውን ቃል ከቤቱ ካባረረው ስንት ዘመን እንደሆነ። አናናሱ አዳምጦ ሲያበቃ ወደ እሜቴ አየ፣ ረጅም ጊዜ አየ።

በዚያው ሰሞን እሜቴን በትልቅ ግልጽ ላስቲክ ለመሸፈን አባቷን አስፈቀደ።

«ጋሼ፣ አተነፋፈሷን ልለካ ነው። ዘመዶቿ ቀን ትንፋሻቸውን ዘግተው ውለው ማታ ነው የሚከፍቱት፣ ውሃ እንዳያባክኑ። እሷም እንደዚያ ታደርግ እንደሆነ…»

«ሳትጎዳት?»

«አልነካትም፣ ጋሼ።»

አባትየው ላስቲኩን አገላብጦ አየ። «እናቷ ብትኖር እሺ ትልህ ነበር» አለ። ማን እናት፣ የማን እናት፣ አልተናገረም።

ከዚያ ፕሮፌሰሯ መጡ። ተረከዛቸው የሲሚንቶውን ወለል እየቀጠቀጠ ገቡ፣ እሜቴን ዞሯት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዘረ መሉን አይቻለሁ። ጎበዝ ነህ። ግን አበባዋን አይቶ የመዘገበ ሰው የለም። አበባ ሳታሳየኝ ‘ጽዋው ሁለት ጊዜ ነው የተፈጠረ’ ብትለኝ ወሬ ነው። ክረምቱ እስኪወጣ አበባ ካላገኘህ ቦታህን ለሌላ ተማሪ እሰጣለሁ። አዝናለሁ።»

ያዘኑ አይመስሉም ነበር።

አናናሱ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ሆነ ማለት አይቻልም። እንደ ወትሮው ሰላም ይላል፣ ይቀልዳል። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ፖሙን ስትሰጠው «ኋላ እበላዋለሁ» እያለ ኪሱ ይከተዋል።

«ለምን ኋላ?»

«ሲያመሽ ይርበኛል።»

ጠብታ ከነጋታው ጀምሮ ሁለት ሁለት ታመጣለት ጀመር።

* * *

እሜቴ ማበቧን ቀድማ ያየችው ጠብታ ናት። ዝናቡ መስታወቱን ሲደበድብ ያደረበት ጠዋት ነበር። ከጽዋው መሃል፣ ውሃውን ሰንጥቆ፣ ደም የመሰለ ቀይ ምሰሶ ብቅ ብሏል።

«አባዬ! አባዬ፣ እሜቴ አበበች! ና እይ!» እያለች፣ ቦቲ ጫማዋ አንዱ ወልቆ ቀርቶ፣ ጓሮውን በሩጫ አቋረጠች።

አባቷ መጣ። አየ። ባልዲ ስቦ ተቀመጠ፤ ባልዲው ውስጥ ውሃ ነበረ፣ ተቀመጠበት፣ አልተሰማውም።

«ማነው ፍሬ ያስገባው?» አለ።

«ምን?»

«የበሰለ ፍሬ። የበሰለ ፍሬ ትንፋሽ አለው፣ ልጄ። እነዚህ ያንን ከተነፈሱ ‘ጊዜሽ ደርሷል’ የተባሉ ይመስላቸዋል። ያብባሉ።» ለብዙ ዓመት ያልተናገረውን ቃል ለማውጣት አፉ አልታዘዝ አለው። «የሚያብቡት አንዴ ነው። ከዚያ ይሞታሉ።»

ጠብታ ሽርጧ ኪስ ውስጥ እጇ ገባ። ሁለት ፖም።

«ጉንዳን ይጠራል ብለኸኝ ነበር እኮ» አለች፣ ድምጿ ተሰባብሮ።

«እኩያሽ ናት። እሷ ትሞታለች ብዬ ላንቺ፣ ለሕፃን፣ እንዴት ልንገርሽ?»

«እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ አባዬ። እኔ ነኝ።»

አልጮኸባትም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠና፣ ሱሪው ውሃ እያንጠባጠበ፣ በዝናቡ ውስጥ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲያ መስታወት ቤት አልገባም።

ጠብታ ግን ሞኝ አልነበረችም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። የተበላ ፖም ትንፋሽ የለውም። ላስቲኩ ውስጥ የሚተነፍስ ያልተበላ ነው።

አናናሱ ሲሮጥ መጣ። አበባውን ሲያይ ፊቱ በራ፤ እሷን ሲያይ ጠፋ።

«ፖሙን በላኸው?» አለችው።

«የቱን?»

«የቱን ይለኛል! ብዙ ነው መሰለኝ። የቱን በላህ፣ የቱን አልበላህም?»

ዓይኑ ወደ እሜቴ ሥር ሄደ።

«የመጀመሪያዎቹን በልቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ፕሮፌሰሯ ከመጡ በኋላ ያሉትን… ላስቲኩ ውስጥ፣ ከሥሯ።»

«ርቦህ እያለ?»

«ርቦኝ እያለ።»

«እንደምትሞት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ያን ቀን እኮ ነገርኩህ። እየሳምከኝ ነገርኩህ!»

«ጠብታ፣ ከዚህ ከወጣሁ የምሄድበት የለኝም። ብጠይቅሽ ደግሞ እንቢ ትዪኝ ነበር።»

«ብትጠይቀኝማ…» ብላ ጀመረች፣ አልጨረሰችውም። ብትጠየቅ ምን ትል እንደነበር አታውቅም። ምናልባት እሺ ትለው ነበር። ምናልባት አባቷን ይዛ፣ ሦስቱ ተቀምጠው አልቅሰው፣ እሺ ይሉት ነበር። ያንን የማወቅ መብቷን ነው ከነፖሙ ላስቲክ ውስጥ የቀበረባት።

አበባው የእሱን ሐሳብ እውነት አደረገ። እሜቴ በእርግጥም ከአናናስ ወገን ናት፤ ጽዋዋን ከማንም አልወረሰችም፤ ተጠምታ ራሷ ነው የሠራችው። ፕሮፌሰሯ እጁን ጨበጡት። ወደ ዋናው ተቋም ሄዶ እንዲጽፈው ተወሰነ።

ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆመ።

«የተመዘገበ ስም የላትም። እኔ ነኝ የማወጣላት። በእናትሽ ስም ልሰይማት?»

«ስም አላት» አለችው ጠብታ። «እሜቴ ትባላለች። አንተ ሂድ።»

ሄደ።

* * *

እሜቴ ለመሞት አልቸኮለችም። ቀዩ ምሰሶ መጀመሪያ ወደ ቡኒ ዞረ። ቀጥሎ የውጭኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ እንደተቃጠለ ወረቀት ተጠቀለለ፤ ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ። ጠብታ አባቷ እንደሚያደርገው እያንዳንዱን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፤ ጨርቁ ላይ እየተበጣጠሰ ቀረ። አንድ ቀን ውሃ ጽዋው ውስጥ ስታፈስ ከሥሩ ሾልኮ እግሯ ላይ ፈሰሰ። ጽዋው መያዝ አቅቶታል። እንቁራሪቷ ድንጋዩ ላይ ወጥታ ተቀምጣ ነበር፤ የት እንደምትሄድ የቸገራት።

ጠብታ አንሥታ ሌላ ተክል ውስጥ አኖረቻትና ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለእናቷ ነበር፤ ያኔ ሕፃን ስለነበረች ያላለቀሰችላት።

አባቷ ቤት ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ውሎ ያመሻል። እየከሳ፣ እያነሰ ሄደ። ስለ ሌላ ነገር ማውራት ተወ። ማታ ስትገባ ግን አንድ ነገር ይጠይቃት ነበር።

«ቡቃያ አወጣች?»

«ገና ነው፣ አባዬ።»

እነዚህ ተክሎች ከመሞታቸው በፊት ከሥራቸው ልጅ ያወጣሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም፣ ሁልጊዜም አይደለም። ጠብታ በየቀኑ ትፈልጋለች። አፈር ብቻ። ክረምቱ ወጣ፣ በጋው ገባ፤ አፈር ብቻ። ከእሜቴ ጉቶና አንድ ደረቅ ቅጠል ቀረ። ያንን ቅጠል አንሥታ ልትጥል ስትል፣ ከበታቹ፣ የድመት ምላስ የምታህል አረንጓዴ ነገር አየች። የሞተው ቅጠል እንደ ቀዳዳ ጃንጥላ ሸፍኗት ኖሯል።

ያን ማታ አባቷ ሲነገረው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከነጋታው ጀምሮ ጥያቄው ተለወጠ።

«ትንሿስ?»

«ደህና ናት፣ አባዬ።»

* * *

ሌላ ክረምት መጥቶ ሄደ፤ ደግሞ ሌላ ገባ። አንድ የዝናብ ከሰዓት በኋላ የመስታወት ቤቱ በር ተንኳኳ። ማንም አያንኳኳም እዚያ፤ ሁሉም ገፍቶ ነው የሚገባው።

አናናሱ ነበር። ዝናቡ ደብድቦት ጸጉሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኝቷል። ሁለቱንም ኪሱን ገልብጦ ወደ ውጭ አውጥቶታል፤ ባዶ ነበሩ።

«ምንም አልያዝኩም» አለ።

ጠብታ በሩ መሃል ቆመች። ልቧ ያደረገውን አንነግራችሁም፤ ፊቷ ግን ምንም አላደረገም።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ጽሑፉ ታተመ። አመሰገኑኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ፖም መብላት አልቻልኩም።» ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «እሜቴ ልጅ ትታ ከሆነ ላጠጣት ነው የመጣሁት። ለጥናት አይደለም። ቅጠሏን አልቆርጥም፣ አልለካትም። ውሃ ብቻ።»

«ምሳ በልተሃል?»

ግራ ገባው። «አልበላሁም።»

ከበሩ ውጭ፣ ከቆርቆሮዋ አጠገብ፣ ምስማር ላይ ቦርሳዋ ተንጠልጥሏል። ፍሬ የያዘ ሰው ውጭ ነው የሚተወው፤ ደንቡን አሁን የምታስከብረው እሷ ናት። እጇን ከትታ ፖም አወጣች። ቀይ፣ በደንብ የበሰለ፣ ሽታው ዝናቡን አልፎ የሚመጣ። ዘረጋችለት።

«እዚሁ ፊቴ ቆመህ ብላው።»

«ጠብታ…»

«ብላው አልኩህ።»

ነከሰው። አላመጠ። መዋጥ አቃተው፣ ዋጠው። እንባውና ዝናቡ አንድ ላይ አገጩ ላይ ወረዱ፤ የቱ የቱ እንደሆነ መልኩ አይናገርም። እሷ እጇን አጣምራ አየችው፣ ከመጀመሪያው ንክሻ እስከ ልቡ፣ ከልቡ እስከ ፍሬው። ግንጫፏ ብቻ ቀረች። መዳፉ ላይ አድርጎ አሳያት።

«አፍህን ክፈት።»

ከፈተ፣ ሐኪም ዘንድ እንደቆመ ልጅ። ጎንበስ ብላ አየች። ባዶ ነው።

ግንጫፏን ከመዳፉ አንሥታ ወደ ዝናቡ ወረወረቻት። ከዚያ ከበሩ መሃል ትንሽ ፈቀቅ አለች፤ አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበትን ያህል ብቻ።

«እጅህን ታጠብ፣ እግርህን ጥረግ። ቧንቧው እዚያው ነው ያለው።»

ማታ ቤት ስትገባ አባቷ ከመስኮቱ ሥር ነበር።

«ትንሿስ?»

«ደህና ናት፣ አባዬ። ዛሬ ሁለት ሰው አጠጣት።»

አባትየው ፊቱን ከመስኮቱ መለሰ። ውጭ ዝናቡ አባርቷል፤ ከጣሪያው ጠርዝ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።

«ፍሬ ይዞ ነበር?» አለ።

«የለም፣ አባዬ። በልቶ ነው የገባው።»